የጤና መድን፦ ከዳላስ መምህራን እስከ ጌዶ አርሶ አደሮች



ምዕራብ ሸዋ፣ ጌዶ ላይ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር አለ። ከጨሊያ ወረዳ ቀበሌዎች እህሉን በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወጣው አርሶ አደር የጤና መድን ደብተር አለው። ልጁን የሚያስተምርለት የመንግሥት መምህር ግን ለዓመታት መድን ሳይኖረው ቆይቷል። ሁለቱ በአንድ ጠዋት ታመው ጌዶ ሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቢገናኙ፣ አርሶ አደሩ ደብተሩን ያቀብላል፣ መምህሩ ኪሱን ይዳብሳል። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው ሰው ከኪሱ ከፋይ ሆኖ፣ ገቢው ከዝናብ ጋር የሚወጣና የሚወርደው ሰው ባለ መድን ሆኗል።

የነገሩን ግርምት የሚጨምረው የአሜሪካ የጤና መድን አጀማመር ነው። እዚያ ነገሩ የተጀመረው በመምህራን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1929 ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ ከተማ የሚገኘው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያልተከፈለ ሂሳብ ተቆልሎበት ነበር። የተቋሙ ኃላፊ ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል ቀደም ሲል የዳላስ ትምህርት ቤቶች የበላይ ተቆጣጣሪ ስለነበሩ፣ የባለዕዳዎቹን መዝገብ ሲያገላብጡ የሚያውቋቸውን የመምህራን ስሞች አገኙ። ያመጡት መላ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ መምህር በወር 50 ሳንቲም ያዋጣል፤ የታመመ ደግሞ እስከ 21 ቀን ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተኝቶ ይታከማል። ከሺህ በላይ መምህራን ገቡበት። ለጌዶ ወይም ለጉደር ሰው ይህ ምንም እንግዳ አይደለም፤ ለቀብር የምናውቀው እድር ለሕመም ሲሆን ማለት ነው። ያ እድር አድጎ፣ በየከተማው ተባዝቶ፣ ዛሬ ብሉ ክሮስ በሚል ስም የሚታወቀው ግዙፍ የመድን ድርጅቶች ቤተሰብ ወጣው።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ቀጥሎ ለመጣው ሁሉ መነሻ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል። እድርን ያቋቋመው አባሉ ነው፣ ዳኛውንም የሚመርጠው አባሉ ነው። የዳላሱን መድን ያቋቋመው ግን ሆስፒታሉ ራሱ ነበር፤ ዓላማውም በቅድሚያ ገንዘቡ ሳይቀርበት እንዲሰበሰብለት ነው። መምህሩን ወክሎ «ለመሆኑ አንድ አልጋ ስንት ያወጣል?» ብሎ የሚከራከር ሰው ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት ደመወዝ እንዳይጨመር ከለከለ። ሠራተኛ የቸገራቸው ፋብሪካዎች ደመወዙን መጨመር ባይችሉም መድን መስጠት ግን አልተከለከሉምና በዚያ ሠራተኛ መሳብ ጀመሩ። በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ደግሞ አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው የመድን ገንዘብ ግብር እንደማይቆረጥበት አጸና። በዚህ ዓይነት፣ ማንም ቁጭ ብሎ ሳያቅደው፣ የአሜሪካዊው ጤና ከሥራው ጋር ተቆራኘ። ሥራውን የለቀቀ ወይም የተባረረ ሰው ሐኪሙንም አብሮ ሊያጣ ይችላል።

አሠሪ የሌላቸው ሁለት ወገኖች ቀሩ፤ ጡረተኛውና ድሃው። ለእነሱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሐምሌ 30 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ በምትባል ከተማ፣ አዛውንቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጎን ተቀምጠው ሕግ ፈረሙ። ዕድሜው 65 የሞላው ሜዲኬር፣ ድሃው ሜዲኬይድ የሚባል መድን አገኘ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሆስፒታል አልጋ ላይ አራት ዓይነት ሰው ይተኛል፦ አሠሪው የሚከፍልለት፣ በዕድሜው ምክንያት መንግሥት የሚከፍልለት፣ በድህነቱ መንግሥት የሚከፍልለትና ማንም የማይከፍልለት። የአራቱም ሕመም አንድ፣ መድኃኒቱም አንድ ነው። ዋጋው ግን አራት ነው።

እዚህ ላይ ነው የአሜሪካ ሆስፒታል ዋጋ ለሰሚ የሚያስቸግረው። እያንዳንዱ ሆስፒታል «ቻርጅማስተር» የሚባል ረጅም የዋጋ መዝገብ አለው። በሺዎች የሚቆጠሩ አገልግሎቶችና ዕቃዎች፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና እስከ አንዲት የራስ ምታት ኪኒን፣ የየራሳቸው ዋጋ ተጽፎላቸዋል። ዋጋው የተጋነነ መሆኑን ሆስፒታሉም ያውቃል፣ የመድን ድርጅቱም ያውቃል። መዝገቡ የድርድር መነሻ ነው። ትልቁ የመድን ድርጅት ብዙ በሽተኛ ይዞ ስለሚመጣ ብዙ ያስቀንሳል፣ ትንሹ ጥቂት ያስቀንሳል። ሜዲኬር ከናካቴው አይደራደርም። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሕመም ዓይነት የቆረጠው ዋጋ ስላለ ሆስፒታሉ ያንኑ ይቀበላል። የሚያስቀንስለት የሌለው፣ ማለትም መድን የሌለው ሰው ግን፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የተጋነነ ዋጋ እንዳለ በፖስታ፣ ቤቱ ድረስ ይላክለታል። ብዙ ለመክፈል የሚጠየቀው ከሁሉ ያነሰ አቅም ያለው ነው።

ጋዜጠኛው ስቲቨን ብሪል እ.ኤ.አ. በ2013 ታይም መጽሔት ላይ ባወጣው ረጅም ዘገባ የሆስፒታል ሂሳቦችን መስመር በመስመር አፍረጥርጦ ነበር። ከዘረዘራቸው አንዱ፣ እኛ ፓራሲታሞል የምንላት ኪኒን አንዷ ፍሬ በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተመዝግባ መገኘቷ ነው። በዚያው ገንዘብ ኢንተርኔት ላይ መቶ ፍሬ የያዘ ብልቃጥ ይገዛ ነበር። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2022 የግል መድኖች ለሆስፒታሎች የከፈሉትን ከሜዲኬር ዋጋ ጋር አስተያይቶ፣ ለተመሳሳይ አገልግሎት በአማካይ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ መክፈላቸውን አሳይቷል።

ያ ሁሉ ገንዘብ ከሠራተኛው ኪስ ነው የሚወጣው፤ ቢቀርም ከደመወዙ ጭማሪ ነው የሚቀረው። እ.ኤ.አ. በ2024 አሠሪ በኩል የሚገኝ የአንድ ቤተሰብ መድን በዓመት በአማካይ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በ2023 አገሪቱ ለጤና ያወጣችው 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከጠቅላላ ምርቷ ከስድስት አንድ እጅ በላይ መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ወጥቶም ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚያው ዓመት መድን አልነበረውም። መድኑ የተወለደባት ቴክሳስ ደግሞ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ መድን የሌለው ሰው በመቶኛ የሚበዛባት ሆናለች። በ2010 በኦባማ ዘመን የወጣው ሕግ ሜዲኬይድን ለብዙ ድሆች እንዲያሰፉ ለግዛቶች በር ሲከፍት፣ ቴክሳስ አልገባም አለች። ዳላስና አካባቢዋ የሚኖሩ፣ ታክሲ የሚነዱና ሱቅ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም የተሻለ ያውቁታል።

ሁሉም አሜሪካ ግን እንዲህ አይደለም። ሜሪላንድ የተለየ መንገድ ሄዳለች፤ ስለ አሜሪካ ሲወራ እምብዛም አይነሳም እንጂ ለእኛ የሚበጀው ትምህርት እዚያ ነው። በዚያው ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው እዚህም አይጠፋም። በሜሪላንድ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሆስፒታልን ዋጋ የሚቆርጠው በግዛቱ ሕግ የተቋቋመ ኮሚሽን ነው። አንድ ሆስፒታል ለአንድ አገልግሎት ያለው ዋጋ አንድ ነው፤ ከፋዩ የግል መድን ይሁን፣ ሜዲኬር ይሁን፣ መድን የሌለው ሰው ይሁን፣ ከዚያ የራቀ አይጠየቅም። ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የገባ ሰው ግን እንደገና አራት ዋጋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ውድ የሆነው ቴክኖሎጂው ስለተራቀቀ ነው» የሚለው መልስ ሙሉ አይደለም። ያው ቴክኖሎጂ በሜሪላንድም አለ። እዚያ ዋጋውን በሕዝብ ስም የሚጠይቅ አካል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

የፌዴራሉ መንግሥትም ዘግይቶ ነቅቷል። ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆስፒታሎች ከየመድኑ ጋር የተስማሙበትን ዋጋ ሳይቀር በይፋ እንዲያወጡ ታዘዋል። ከ2022 ወዲህም ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው፣ ያከመው ሐኪም ከመድኑ ጋር ውል የለውም ተብሎ ዱብ ዕዳ እንዳይላክበት ሕጉ ይከለክላል። ብዙዎቹ ሆስፒታሎች ዋጋውን ያወጡት ተራ ሰው ሊያነበው በማይችል የኮምፒውተር ሰነድ መሆኑ ሌላ ወሬ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦና በጉደር በኩል ወደ ነቀምቴ የሚያልፈው መንገድ ጌዶን ያገኛታል፤ ወደ ፊንጫም የሚታጠፈው ከዚያው ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ አደጋ ሲደርስበት ወይም ሚስቱ ምጥ ሲጠናባት የሚመጣው ወደ ጌዶ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ወደ አምቦ ሪፈር ይጻፍለታል፤ ወደ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መመለስ ማለት ነው። አምቦም ካቃተው መንገዱ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ይደርሳል።

በዚህ ሰንሰለት ላይ የተደበቀ የመንግሥት ሆስፒታል ዋጋ የለም። የካርዱ፣ የላብራቶሪው፣ የአልጋው ክፍያ በመንግሥት ተቆርጦ የሚሰጥ ሲሆን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለረጅም ዓመታትም ሳይከለስ ስለቆየ ከእውነተኛው ወጪ የሚሸፍነው ጥቂቱን ብቻ ነበር። ሕንፃውንና ደመወዙን የሚችለው በጀቱ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂና እሱን ተከትሎ የመጣው ማሻሻያ ያመጣው ትልቅ ለውጥ ሆስፒታሉ የሰበሰበውን ገንዘብ ለራሱ እንዲጠቀምበት መፍቀዱ ነው። ቀድሞ የካርዱም የመርፌውም ገንዘብ ተሰብስቦ ለገንዘብ ቢሮ ገቢ ይሆን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እዚያው ቀርቶ መድኃኒት መግዣ ሆነ። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና ለሁሉም ነጻ ሆነው ቀጠሉ። በጣም ድሃ ለሆነ ሰውም ቀበሌው የነጻ ሕክምና ወረቀት ይጽፍለታል።

ታዲያ ዋጋው ይህን ያህል ዝቅ ያለና የታወቀ ከሆነ፣ በብሔራዊ የጤና ሂሳብ ጥናቶች እየተደጋገመ የሚታየው፣ ኢትዮጵያ ለጤና ከምታወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ሲሶ የሚሆነው ከሕመምተኛው ኪስ የሚወጣው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት አንድ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት መከተል ይበቃል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ሐኪም ዘንድ ቀርበው ሦስት መድኃኒት ታዘዘላቸው እንበል። ወረቀቱን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ይሄዳሉ። ባለሙያዋ መደርደሪያውን ታያለች፣ አንዱን ትሰጣቸዋለች፣ ሁለቱ ላይ «የለም» ብላ ጽፋ ወረቀቱን ትመልስላቸዋለች። «እማማ፣ እነዚህን ውጭ ይግዙ።» ውጭ ማለት ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ያለው የግል መድኃኒት ቤት ነው፤ እዚያ የሚለጠፍ ዋጋ የለም፣ ደብተርም አይሠራም። ሆስፒታሉ ውስጥ ለካርድና ለምርመራ ከከፈሉት ወይም መድኑ ከሸፈነላቸው ይልቅ፣ እዚህ ቆጣሪ ላይ የሚያወጡት ይበልጣል። አሜሪካዊው ሆስፒታል ውስጥ ይዘረፋል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሆስፒታሉን ሲወጣ።

አርሶ አደሩ ደብተር የያዘበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተጀመረው ይህን የኪስ ወጪ ለመቀነስ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። ከኦሮሚያ የተመረጡት ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ፤ ምዕራብ ሸዋ አልነበረበትም። በኦሮሚያ አንድ ቤተሰብ በወር 15 ብር፣ በዓመት 180 ብር ያዋጣ ነበር። የሚቆጠረው በአባወራ እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም፤ ዕድሜያቸው 18 የሞላ ልጆች ብቻ ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። የፌዴራል መንግሥቱ ከሚሰበሰበው መዋጮ ላይ የራሱን ድጎማ ይጨምራል። ከወረዳው ቤተሰቦች መካከል መክፈል የማይችሉትን፣ ወደ አሥር በመቶ የሚሆኑትን፣ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ በሙከራ ወረዳዎቹ ከነበሩት ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ አባል ሆኑ።

ውጤቱ የሚናቅ አልነበረም። በሙከራው ግምገማ መሠረት የመድኑ አባላት በዓመት በአማካይ 0.7 ጊዜ ለተመላላሽ ሕክምና ሲሄዱ የአገሪቱ አማካይ 0.3 ነበር። ድሮ «ይሻለኛል» ብሎ ቤቱ ይተኛ የነበረው ሰው ጤና ጣቢያ መሄድ ጀመረ ማለት ነው። የመድኑ ሥራ ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን የአገሪቱን ወረዳዎች አዳርሷል። መዋጮውም በየጊዜው እያደገ ከመጀመሪያው 180 ብር ርቆ ሄዷል።

አሠራሩ ብልህነት ያለበት ነው። መዋጮው የሚሰበሰበው ገበሬው እህሉን አበራይቶ እጁ ላይ ብር በሚገኝበት ወቅት ነው። ዓመቱን ሙሉ ምዝገባ ቢከፈት ሰው የሚመጣው ሲታመም ብቻ ይሆን ነበር፤ ኪምቦል ዳላስ ላይ መምህራኑን በቡድን ያስገቡትም ይህንኑ ሽሽት ነው። አባሉ በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ማጻፍ አለበት። በሙከራው ደንብ መሠረት ጤና ጣቢያውን ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል ግማሹን ወጪ ራሱ ይችላል። ለጉንፋን አምቦ ድረስ ከመሄድ ሰውን የሚያድን ሥርዓት ነው፤ በሌሊት ልጇ ትኩሳት የያዘባት እናት ግን ሥርዓቱን በሌላ ዓይን ብታየው አይፈረድባትም።

ደካማው ጎኑ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ከፋርማሲው መደርደሪያ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የመዋጮ ቋቱ ማነስ ነው። መድኑ ሲጀመር እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ ቋት ነበረው። ሆስፒታሉ አባላቱን ካከመ በኋላ ሂሳቡን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይልካል፣ ጽሕፈት ቤቱ መርምሮ ይከፍላል። አንድ ሺህ ቤተሰብ በዓመት አንድ ሺህ ብር ቢያዋጣ አንድ ሚሊዮን ብር ይገኛል እንበል። በዚያ ዓመት ጥቂት ሰዎች አዲስ አበባ ድረስ ሪፈር ተጽፎላቸው ከባድ ቀዶ ሕክምና ቢያደርጉ፣ የቀረው ሕዝብ ለወባና ለሳንባ ምች የሚሆን ገንዘብ ያጥረዋል። ወረዳው ሲያጥረው ክፍያውን ያዘገያል፤ ሆስፒታሉ ክፍያው ሲዘገይበት መድኃኒት አይገዛም፤ መድኃኒት የሌለው ሆስፒታል «የለም» ይጽፋል። በየወረዳው የተበታተነውን ቋት ወደ ዞንና ወደ ክልል ማሳደግ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ያለበት ቋት አንድ ከባድ ሕመም አያናውጠውም።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ ዋጋ ነው። አገሪቱ የምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። የመንግሥት ጤና ተቋማት በቅድሚያ የሚጠይቁት የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትን ሲሆን፣ እዚያ ያልተገኘውን ከግል አስመጪ በጨረታ ይገዛሉ፤ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። የገበሬው መዋጮ ግን ለዓመቱ አንዴ ተቆርጦ ተሰብስቦ ነበር። የሰበሰቡት በድሮ ብር፣ የሚገዙት በአዲስ ዋጋ ሆነ። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ የነበረው ግጭት ሲታከልበት፣ መንገድ በተዘጋ ቀን የመድኃኒት መኪናውም አምቡላንሱም ይቀራሉ።

ግን ሁሉም ጉድለት በዶላርና በመንገድ የሚሳበብ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2011 አካባቢ ጀምሮ የመድኃኒት ሂሳቡን ኦዲት ሊደረግ በሚችል መንገድ መያዝ ጀመረ። እያንዳንዱ የገባ መድኃኒት፣ እያንዳንዱ የወጣ ፍሬ፣ ለማን በስንት እንደተሸጠ የሚታይበት አሠራር ነው። ከዚያ በፊት በብዙ ሆስፒታሎች የመድኃኒት ክፍሉ ስንት ብር የሚያወጣ ዕቃ እንደያዘ በትክክል የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር። የቱ መድኃኒት ቶሎ ያልቃል? የቱ ቀኑ አልፎ ይጣላል? የቱ ሳይመዘገብ ይወጣል? ሥርዓቱ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ክልሎችና ወደ ፌዴራል ሆስፒታሎች ተስፋፋ። የተጀመረው በክፍለ አገር ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ፣ በሙያው ሰዎች እጅ ነው። ይህንን የሚያህል ቁም ነገር ለአሜሪካኖቹ ሆስፒታሎችም ቢነገር አይከፋም።

መምህሩስ?

የመምህሩ ሕግ ከገበሬው ሕግ ቀድሞ ነው የወጣው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 በየመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መድን እንዲገባ ደነገገ። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። አዋጁ ወጣ፣ የጤና መድን ኤጀንሲው ተቋቋመ፣ የመጀመሪያ ቀኑ ተቆረጠ፤ ከዚያ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ ከአሥር ዓመት በላይም ሳይተገበር ቆየ። ዋናው ምክንያት የሠራተኛው ቅሬታ ነበር፤ መምህራንም ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ፊት ነበሩ። «ደመወዛችን ለወር አያደርስም፣ ከዚህ ላይ ተቆርጦ የሚሰጠን ምንድን ነው? ሆስፒታሉ መድኃኒት የለውም» የሚል ነበር ክርክሩ።

ክርክሩ ግማሽ እውነት ነው። ባዶ መደርደሪያ የሚያሳይ መድን ግብር እንጂ መድን አይባልም። ግማሹ ግን አይደለም። የደመወዝተኛ መዋጮ በየወሩ ሳይቋረጥ፣ ከምንጩ ተቆርጦ የሚመጣ ስለሆነ፣ አንድ ሆስፒታል በእርግጠኝነት ተማምኖ ለስድስት ወር መድኃኒት ማዘዝ የሚችለው በእንዲህ ያለ ገንዘብ ነው። የገበሬው መዋጮ በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ሰብል ከበላሸ አይመጣም። ቤይለር ሆስፒታልን ከዕዳ ያወጣው የሃምሳ ሳንቲሙ ብዛት ሳይሆን በየወሩ መምጣቱ ነበር። መምህሩን ከአንድ ወገን፣ ገበሬውን ከሌላ ወገን በሁለት ሕግና በሁለት ቋት ማስቀመጥ ሁለቱንም ያደክማል። የጌዶ መምህርና የጌዶ ገበሬ የሚታከሙት አንድ ሆስፒታል ነው።

የጌዶ ሕዝብ ተረዳድቶ መኖርን ለመማር ወደ ዳላስ መሄድ አያስፈልገውም። ከብቱ ያለቀበትን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ጎረቤት አዋጥቶ መልሶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የኦሮሞ ሕዝብ ከጥንት ይዞት የኖረ ሥርዓት ነው። እድሩም በየሠፈሩ አለ። እነዚህ ሁለቱ የሚጸኑት አባሉ ያዋጣው ገንዘብ የት እንደገባ ስለሚያይ ነው። የእድር ሰብሳቢ በወር አንዴ ሂሳቡን ካላነበበ ይነሳል። የጤና መድኑ ግን እስካሁን በየዓመቱ የሚያነብልን ስንት ሰው እንደከፈለ ነው። በዘመቻ፣ በመቶኛ፣ ከወረዳ ወረዳ እየተወዳደረ፣ «እቅዳችንን ይህን ያህል አሳክተናል» ይባላል። ስንት ሰው ደብተሩን ይዞ ሄዶ ባዶ እጁን እንደተመለሰ ሲነበብ አይሰማም።

ስለዚህ በመጪው የምዝገባ ወቅት የቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ አንድ ቁጥር ይጠይቅ። ባለፈው ወር የመድን ደብተር ላላቸው ሰዎች ከተጻፉት መድኃኒቶች መካከል፣ ከመቶ ስንቱ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ተሰጠ? ቁጥሩ ፋርማሲው ውስጥ አለ፤ «የለም» የተጻፈባቸውን ወረቀቶች መቁጠር ብቻ ነው የሚጠይቀው። በየወሩ ከዋጋ ዝርዝሩ ጎን ይለጠፍ። ውጭ ለመግዛት የተገደደ አባልም «የለም» የሚለው ጽሑፍ ፊርማና ማኅተም ይደረግለት፤ ያንን ይዞ ወደ መድን ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ገንዘቡን እንዲጠይቅ። መምህራንም ከደመወዛቸው ከመቆረጡ በፊት ይህንኑ ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቁ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ መዋጮው ቢጨመር የሚያጉረመርመው ሰው ያነሰ ይሆናል፤ እየቀነሰ ከሄደ ደግሞ ወረዳውም ሆስፒታሉም ጥያቄውን በስብሰባው ፊት ይመልሱ።